አፍንጫን ለማሳነስ ለምን ይጨመርበታል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 27 ነው። አፍንጫዬ ከላይ ደህና ነው፤ ጫፉ ግን ሰፊና ድቡልቡል ነው። ስስቅ ደግሞ ይብስበታል። ሁለት ሐኪሞች አማከርኩ። አንደኛው ‹ትርፉን ልም አጥንት ቆርጠን እናሳንሰዋለን፣ ቀላል ነው› አለኝ። ሁለተኛው ግን ‹ቆዳሽ ወፍራም ነው፤ ከአፍንጫሽ ውስጥ፣ ካልበቃም ከጆሮሽ ወይም ከጎድንሽ ልም አጥንት ወስደን ጫፉ ላይ እንጨምራለን› አለኝ። እኔ እኮ የሄድኩት እንዲቀነስልኝ ነው! ሰፊ ነገር ላይ ሲጨመርበት እንዴት ይጠባል? ኢስታንቡል ሄጄ ለመሠራት አስቤአለሁ። የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው፤ ኅዳር ላይ ብሠራ ይደርስልኛል?»

እህቴ፣ ሁለተኛው ሐኪም ያለሽ ነገር የሚያስደነግጥ ቢመስልም እብደት አይደለም። እንዲያውም ቆዳሽ በእርግጥ ወፍራም ከሆነ፣ ከሁለቱ ጉዳዩን በደንብ ያየው እሱ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ያልኩት ስላላየሁሽ ነው። የአፍንጫ ጫፍ በፎቶ አይመረመርም፤ በጣት ይነካል። ስለዚህ የምጽፍልሽ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ነው እንጂ ምን እንደሚደረግልሽ አይደለም።

አጥንት የሚባለው ከላይ፣ መነጽር የሚያርፍበት አካባቢ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በታች አፍንጫን የሚያቆመው ልም አጥንት ነው፤ እኛ ካርቲሌጅ የምንለው። ሥጋ ስትበይ ጥርስሽ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚለው ማለት ነው። ጫፉን የሚሠሩት ሁለት ቀጫጭን ቅስቶች ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። እያንዳንዱ ቅስት በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ካለው ምሰሶ ይነሳል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይታጠፍና ወደ ክንፉ፣ ማለትም ወደ ቀዳዳው የውጭ ጎን ይሄዳል። የሚታጠፍበትን ቦታ ጉልላት እንበለው። ሁለቱ ጉልላቶች ሹልና ተቀራራቢ ከሆኑ ጫፉ ጠበብ ብሎ ይታያል። ጠፍጠፍ ብለው ከተራራቁ ደግሞ ጫፉ ሰፊ፣ አንዳንዴም እንደ ሳጥን ባለ ማዕዘን ይሆናል።

ከዚህ ላይ ቆዳ አለ። ዋናው ነገርም ያለው እዚህ ነው።

ነጠላ የለበሰችና ጋቢ የለበሰች ሴት አስቢ። ነጠላው ስስ ስለሆነ የትከሻዋ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋቢው ግን ሁሉንም ይውጠዋል። ከሥሩ ቀጭን ትሁን ወፍራም አታውቂም። የአፍንጫ ቆዳም እንደዚሁ ነው። ስስ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ሐኪሙ የአንድ ሚሊሜትር ለውጥ ካደረገ ይታያል፤ ስህተቱም ጭምር። ወፍራም ቆዳ፣ ከሥሩም ስብና ጅማት ያለበት ሰው ላይ ግን ጋቢው አለ። ቅስቱን ብትቆርጪው፣ ብታሳንሺው፣ ጋቢው አብሮ አያንስም። ከሥሩ የነበረው ድጋፍ ስለተነሳ እላዩ ላይ ዘፍ ይላል። በተፈጠረው ባዶ ቦታ ውስጥ ደግሞ ሰውነት ጠባሳ ይሞላል። ውጤቱ ምን ይሆናል? ድሮ ሰፊ የነበረው ጫፍ ሰፊም የወደቀም ይሆናል።

ጋቢ ቅርጽ እንዲይዝ ከፈለግሽ ከሥሩ ጠንካራ ምሰሶ ታቆሚያለሽ። ወጠር ይላል፣ እጥፋቱ ይስተካከላል። ልም አጥንት የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ስፋትን በተመለከተም አንድ የዓይን ነገር አለ። ሰፌድና የሞሰብ ክዳን ወርዳቸው እኩል ሊሆን ይችላል። ሰፌዱ ሰፊ ይመስላል፤ ክዳኑ ግን ሾጠጥ ብሎ ስለወጣ ጠባብ ይመስላል። ከፊት ለፊት የሚታይ አፍንጫም እንዲሁ ነው። ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲወጣና ብርሃን የሚያርፍባቸው ሁለት ነጥቦች ሲቀራረቡ፣ ወርዱ በማስመሪያ ብዙም ሳይለወጥ ዓይን «ጠባብ» ብሎ ያነበዋል። ብዙ ታካሚዎች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ አያለሁ። የቀድሞና የኋላ ፎቶ ጎን ለጎን ሳሳያቸው ነው የሚገባቸው።

ለመጀመሪያው ሐኪምም ፍትሐዊ ልሁን። መቁረጥ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ቆዳው ስስ፣ ቅስቱ ደግሞ ትልቅና ጠንካራ የሆነ ሰው አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የቅስቱን የላይኛ ጠርዝ ጥቂት መከርከምና ጉልላቶቹን በስፌት ማቀራረብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኔም ቁራጭ ከመትከል በፊት ሁልጊዜ ስፌትን እሞክራለሁ። በቀጭን ክር ጉልላቱን ቆንጠጥ አድርጎ ማሰር ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ካልወደድኩት ደግሞ ፈትቼ እንደገና አስረዋለሁ። የተቆረጠ ነገር ግን አይመለስም። ሲከረከምም ቢያንስ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቅስት መቅረት አለበት። ከዚያ በታች ከወረደ የአፍንጫው ክንፍ የሚያቆመው ነገር ያጣል።

የትኛው ዓይነት እንደሆንሽ በግምት ለማወቅ አንድ ነገር ሞክሪ። የአፍንጫሽን ጫፍ በአንድ ጣት ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ተጫኚው። እንደ ስፖንጅ ያለ ምንም ተቃውሞ ጥልቅ ካለ ድጋፉ ደካማ ነው። እንደ ላስቲክ ከገፋሽና ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ጠንካራ ነው። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ያዢው። ወፈር ብሎ፣ የቆዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጎላ ብለው፣ ወዛም ከሆነ ወፍራም ቆዳ የምንለው እሱን ነው። ብዙ የእኛ አገር ሰው ላይ የማገኘው ወፈር ያለ ቆዳ ከለስላሳ ቅስት ጋር ነው። ይህ ግን ሕግ አይደለም። የእኛ ሰው አፍንጫ ከሰልካካ እስከ ጎራዳ ሁሉም ዓይነት አለበት፤ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ይለያያል።

ታሪኩንም ባጭሩ ልንገርሽ፣ ሁለቱ ሐኪሞች ለምን እንደተለያዩ ይገባሻልና። የዛሬው የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ሥሩ በርሊን ነው። ዣክ ዮሴፍ የተባለው ሐኪም በ1898 በፈረንጆች አቆጣጠር አፍንጫ ማሳነስን ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሥራው በአብዛኛው መቀነስ ነበር። ትልቅ ነው? ቁረጥ። ሰፊ ነው? ቁረጥ። ጠረጴዛው ላይ ሲታይ ውጤቱ ያምር ነበር። ችግሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ጠባሳ ይሰበሰባል፣ የተዳከመው ቅስት ይጨማደዳል፣ ጫፉ በመቆንጠጫ የተያዘ ይመስላል። በ1970ዎቹ ጃክ ሺን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ጋሻ የሚመስል ትንሽ የልም አጥንት ቁራጭ ጫፉ ላይ መትከልን አስፋፋ። በ1997 ደግሞ ጉንተርና ፍሪድማን ቅስቱን ከሥር የሚደግፍ ቁራጭ አስተዋወቁ። ከዚያ ወዲህ አስተሳሰቡ እየተገለበጠ መጣ፤ ከማፍረስ ይልቅ መገንባት። የመጀመሪያው ሐኪምሽ የድሮውን መንገድ እንደሚከተል እጠረጥራለሁ። ልሳሳት እችላለሁ።

እኔም ራሴ ከዚህ አላመለጥኩም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንዲት ወጣት መጣች፤ ልክ እንዳንቺ፣ ጫፉ ይጥበብልኝ አለች። ከሚገባው በላይ ከረከምኩ። ስድስት ወር ላይ ደስተኛ ነበረች፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተመልሳ መጣች። ጫፉ ተቆንጥጧል። ትልቅ ትንፋሽ ስትወስድ የአንዱ ጎን ክንፍ ወደ ውስጥ ይሳባል። «ሌሊት አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ነገርኳትም። ከጆሮዋ ልም አጥንት ወስደን ክንፉን አቆምነው። ትንፋሿ ተመለሰ። መልኩ ግን መጀመሪያ በትክክል ብሠራው ሊሆን ይችል የነበረውን ያህል አልሆነም።

ይህ ስለ ጫፉ አቋቋምም ያስተምራል። ጫፉ እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ነው። ሁለቱ ጉልቻዎች በቀኝና በግራ ወደ ክንፍ የሚሄዱት ቅስቶች ናቸው፤ ሦስተኛው የመሃሉ ምሰሶ ነው። አንዱን ብታሳጥሪ ድስቱ ያጋድላል። የመሃሉ ከላላ ጫፉ ይወድቃል። የጎኖቹ ከላሉ ክንፍ ይሰረጉዳል፣ ትንፋሽም ይታፈናል። ጥሩ ሐኪም አንዱን ጉልቻ ሲነካ ሌሎቹን ያያል።

አሁን ወደሚተከሉት ቁራጮች እንምጣ፤ እኛ ግራፍት የምንላቸው። ብዙ ዓይነት ናቸው፣ አንቺን የሚመለከቱሽ ግን ጥቂቶቹ ናቸው። አንደኛው የመሃሉን ምሰሶ የሚያጠናክር ነው። ቀለል ያለው በሁለቱ ቅስቶች እግሮች መሃል የሚቆም ቀጭን ዘንግ ነው። ጠንከር ያለው ደግሞ አፍንጫን ለሁለት ከሚከፍለው የውስጥ ግድግዳ ጋር ተሰፍቶ ወደ ፊት የሚረዝም ነው። ለወፍራም ቆዳ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከባድ ጋቢ ቀጭን ዘንግን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋልና። ዋጋ ግን አለው። ጫፉ ድርቅ ይላል። እንደ ድሮው በጣትሽ ወዲያ ወዲህ አታደርጊውም። ሰው ሲስምሽ ታውቂዋለሽ።

ጋሻው ጫፉ ፊት ላይ ይቀመጣል። ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። ለወፍራም ቆዳ ጥሩ ነው፤ ስስ ቆዳ ላይ ግን ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ያው ቁራጭ ለአንዷ በረከት ለሌላዋ መከራ ነው። ከዚያ ደግሞ ከጎን ቅስቶቹ ሥር የሚገባው ቁራጭ አለ። ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ወደ ውጭ ያበጠውን ቅስት ቀጥ ያደርገዋል። የጫፉ ድቡልቡልነት ይቀንሳል፣ ክንፉም በትንፋሽ አይሳብም። ቅርጽና ትንፋሽ በአንድ ጊዜ። በክንፉ ጠርዝ ላይ የሚገባ ቀጭን ቁራጭም አለ፤ ቀዳዳው እንዳይቆነጠጥ ይከላከላል።

ከየት ይወሰዳል? መጀመሪያ ከአፍንጫሽ የውስጥ ግድግዳ። ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፣ ሌላ ቦታም አይቆረጥም። ከላይና ከፊት ግን ቢያንስ አንድ ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፍሬም መተው ግድ ነው፤ ያለዚያ አፍንጫው ራሱ ይሰረጉዳል። ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ግድግዳ ትንሽ ነው። ከሚያስፈልገው ላይ ሊጎድል ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም ጆሮና ጎድን ያነሳው ለዚህ ይሆናል።

የጆሮው ከኋላ ተቆርጦ ከጎድጓዳው ክፍል ይወሰዳል። ጆሮ ቅርጹን አይለቅም፤ ጠባሳውም ከኋላ ስለሆነ አይታይም። ግን በተፈጥሮው ጎባጣና ለስላሳ ነው። ለክንፍ ግሩም ነው፤ ለምሰሶ ግን ያን ያህል አልወደውም።

ጎድን ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። አጥንቱ አይወሰድም። ጎድን ደረት አካባቢ ሲደርስ ልም አጥንት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ላይ ቁራጭ ይወሰዳል። ሴቶች ላይ ቁስሉ ከጡት ሥር ባለው እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ብዙና ጠንካራ ነው። ሦስት ችግር አለው። ለተወሰኑ ቀናት ስትስቂና ስትስዪ ደረትሽን ያምሻል። ከስንት አንዴ የሳንባ ሽፋን ሊነካ ይችላል። ሦስተኛው መጉበጥ ነው። የጎድን ልም አጥንት ሲቀረጽ እንደ እርጥብ እንጨት ሊጠማዘዝ ይችላል። ጊብሰንና ዴቪስ የተባሉ ሐኪሞች በ1958 ምክንያቱን አስረድተዋል፤ የውጭው ሽፋን ስለሚስብ ነው፣ ስለዚህ ከሁለቱም ጎን እኩል ቀርጾ መሃሉን መጠቀም ይሻላል። በአንቺ ዕድሜ ገና ለስላሳ ስለሆነ ለመቅረጽ ይመቻል። እየቆየ ሲሄድ ግን ወደ አጥንትነት ይለወጣል።

«የራሴ ቁራጭ ከቦታው ተነቅሎ አይሞትም ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም። በዙሪያው ካለው ሥጋ በመምጠጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ቦታ ሲቀየርለትም ይኖራል። ለዚህ ነው ከሲሊኮን የምመርጠው። ሲሊኮን በምሥራቅ እስያ በተለይ ለአፍንጫ ድልድይ በብዛት ይሠራበታል። ጫፍ ላይ ግን፣ ቆዳው ሁልጊዜ በሚወጠርበት ቦታ፣ ባዕድ ነገር ቀስ በቀስ ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ሊያመረቅዝም ይችላል። እኔ ጫፍ ላይ አላደርገውም።

ፊለር ስለሚባለው የመርፌ ሙሌት አልጠየቅሽም፣ ግን ቲክቶክ ላይ እንዳየሽው እገምታለሁ። ሙሌት አፍንጫን አያጠብም። የሚጨምር ነገር ነው፣ ለዚያውም ምሰሶ መሆን የማይችል ለስላሳ ነገር። ከዚያ በላይ አፍንጫ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ከዓይን ጋር የተገናኙ ናቸው። ሙሌቱ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል። ጫፍን ያጠባል ተብሎ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መቆንጠጫ ደግሞ ለልብስ ማስጫ ተጠቀሚበት።

ስትስቂ ይብሳል ያልሽው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሁለቱም ሐኪሞች ነግረሻቸው ከሆነ ደስ ይለኛል። ከላይኛው ከንፈር ወደ መሃሉ ምሰሶ የምትሄድ ትንሽ ጡንቻ አለች። ስትስቂ ጫፉን ወደ ታች ትስበዋለች። ምሰሶው ሲጠናከር መሳቡ ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ጡንቻዋንም እንለቃታለን። ክንፎቹ ወደ ጎን ከተዘረጉ ግን የጫፍ ሥራ ብቻውን አይፈታውም። የክንፉን ሥር በትንሹ መቀነስ ይኖራል፤ ሮበርት ዌር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1892 የጻፈው አሮጌ ዘዴ ነው። እኔ ይህን በመጨረሻ ነው የምወስነው፣ ጫፉ ከቆመ በኋላ። ጫፉ ወደ ፊት ሲወጣ ክንፉንም አብሮ ስለሚስበው፣ አስፈላጊ የመሰለው ቆረጣ አንዳንዴ አላስፈላጊ ሆኖ ይገኛል። ክንፍን መቁረጥ ቀላል ነው፤ መመለስ ግን አይቻልም ማለት ይቀላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብዙዎቻችን የምንመርጠው በመሃሉ ምሰሶ ላይ ትንሽ ቆርጠን ቆዳውን ገለጥ አድርገን ማየት ነው። ጠባሳው ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ በጊዜ ይደበዝዛል። ደረትሽ ወይም ጆሮሽ ላይ ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ወጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ንገሪው። አፍንጫ ላይ ብርቅ ቢሆንም፣ የጆሮና የጎድን ቁስል ላይ ሊመጣ ስለሚችል ምርጫውን ይለውጣል።

አሁን ማንም በደንብ የማይነግርሽን ልንገርሽ። እብጠት። የአፍንጫ መሸፈኛው በሳምንት ገደማ ይነሳል። ያን ቀን መስተዋት ስታዪ ጫፉ ከድሮው የሰፋ ሊመስልሽ ይችላል። አትደንግጪ። ጫፍ ከአፍንጫ ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሟሽሽ ቦታ ነው። ስስ ቆዳ ላይ አንድ ዓመት ይፈጃል። ወፍራም ቆዳ ላይ እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት። በዚህ መሃል እብጠቱ ካልቀነሰ ሐኪሙ በጣም በትንሽ መጠን ትሪያምሲኖሎን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሊወጋሽ ይችላል። መጠኑ ከበዛ ቆዳውን ያሳሳል፣ ስለዚህ «ጨምሩልኝ» አይባልም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእኛ ኑሮ ለአፍንጫ አይመችም። ሦስቴ መሳሳም አለ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሲባል አፍንጫ ይጋጫል። እጅ በመጨበጥ ብቻ አልፊው፣ ቅር የሚለው ይበለው። ስግደት ለጥቂት ሳምንት ይቅር፤ ሙስሊም ከሆንሽም አፍንጫሽ መሬት እንዳይነካ ተቀምጠሽ ስገጂ። በራስ በኩል የሚጠለቅ ልብስ አትልበሺ፣ ከፊት የሚቆለፍ ይሁን። የመነጽር ክብደት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አፍንጫሽ ላይ አይረፍ። ሕፃን ልጅ እቅፍሽ ውስጥ ካለ ተጠንቀቂ፤ በጭንቅላቱ ይመታሻል። ለተወሰነ ጊዜ የቡናው ሽታም ላይመጣልሽ ይችላል፣ ይመለሳል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይቁም። የደም ሥርን ያጠባል፣ ቆዳ ይሞታል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ያደማሉ፤ መቼ ማቆም እንዳለብሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ጫት ከቃምሽም እውነቱን ንገሪ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ከማደንዘዣ ጋር አይስማማም። ታካሚዎች ስለሚያፍሩ ይደብቁኛል። እኔ የቤተሰብ ሽማግሌ አይደለሁም፣ አልቆጣም። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ግን ማወቅ አለበት።

ኢስታንቡልን በተመለከተ፣ ከተማዋ በዚህ ሥራ ብዙ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች አሏት። የማላምነው ሁሉንም በዋትስአፕ የሚጨርሰውን አሠራር ነው። የሚቆርጥሽን ሐኪም ፊት ለፊት ሳታገኚ፣ ጫፍሽን ሳይነካ ገንዘብ አትክፈዪ። እንዳንቺ ወፍራም ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ፎቶ አሳየኝ በዪው፤ ለዚያውም ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሱትን። ስስ ቆዳ ያላት የተዋናይት ፎቶ ለአንቺ ምንም አይነግርሽም። መሸፈኛው ሳይነሳ አትመለሺ፤ አሥር ቀን ገደማ ያዢ። የሥራውን መዝገብም ተቀበዪ፤ ከየት ምን ያህል ልም አጥንት እንደተወሰደ የሚገልጽ። ወደፊት ማስተካከያ ቢያስፈልግ ሌላው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው። ማስተካከያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከመቶ ከ5 እስከ 15 እንደሚደርሱ በሙያው ይነገራል። «እኔ ዘንድ የለም» የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምታስቢው በሰልፊ ከሆነ ትንሽ ቆም በዪ። ስልክ ፊት አጠገብ ሲሆን የቀረበውን ያገዝፋል። በፈረንጆች 2018 የወጣ ጥናት በ30 ሳንቲሜትር ርቀት የተነሳ ሰልፊ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ እንደሚያሰፋ አሳይቷል። ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ያንሳሽና እሱን እዪ። ከዚያም በኋላ ካልወደድሽው አልወደድሽውም፤ መብትሽ ነው። በቀን ለሰዓታት ስለ አፍንጫሽ የምታስቢ፣ በሱ ምክንያት ከሰው የምትሸሺ ከሆነ ግን መጀመሪያ የምታነጋግሪው የአእምሮ ሐኪም ይሁን። ቀዶ ሕክምና ያን ዓይነቱን ጭንቀት አያሽረውም።

አንድ የግል አስተያየት ልጨምር። ወፍራም ቆዳ ያለው አፍንጫ ሹል አይሆንም፤ ማንም ሹል አደርገዋለሁ ቢልሽ አትመኚው። የተሻለ ቅርጽ፣ የጠራ ጫፍ፣ ከፊትሽ ጋር የሚሄድ አፍንጫ ግን ይሆናል። አንዲት ታካሚዬ ከተሠራች ከዓመት በኋላ አያቷ ዘንድ ሄደች። አያት ፊቷን አገላብጠው አዩና «አምሮብሻል፣ ጠጉርሽን ተሠራሽ?» አሏት። ለእኔ የተሳካ ሥራ ማለት ያ ነው።

ሰርጉን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ኅዳር ላይ ብትሠሪ ጥር ላይ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚሆነው። ጫፍሽ ገና አብጦ፣ ደንዝዞ ይሆናል፤ እሱም በየአልበሙ ይቀራል። ሰርግ ላይ ደግሞ የሚስምሽን ሰው ቁጥር አስቢው። ሚዜ ከሆንሽማ ጭራሽ። ጥርን በዚሁ አፍንጫሽ ጨፍሪና የካቲት ላይ ሁለተኛውን ሐኪም ተመልሰሽ አነጋግሪው። ግድግዳዬ ይበቃል ወይስ ጎድን ግድ ነው ብለሽ ጠይቂው፤ ውስጡን አይቶ፣ በጣቱ ዳስሶ ይንገርሽ። የሚልሽን ጻፊልኝ።